ጥንቸሏ የበላችብን ሁሉ

ነሐሴ 17 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይህን ደብተር እሸቴ ያመጣልኝ ለአስቤዛ መጻፊያ ብሎ ነበር። አስቤዛውን በቃሌ እይዘዋለሁ። ዛሬ የሆነውን ግን ካልጻፍኩት ነገ አላምነውም።

የባለቤቴ ልጅ አዲስአለም መጣች። ስምንት ዓመቷ ነው። እናቷ ስትሞት ገና አንድ ዓመቷ ነበር፤ እኔ እሸቴን ያገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። ያሳደገቻት አክስቷ ንጋትወርቅ ናት፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ምግብ ቤት ያላት። ልጅቷ በካምዮን ሁለት ቀን ተንገላትታ ስትወርድ እስከ ሽፋሽፍቷ አቧራ ለብሳለች። ውኃ ባቀርብላት፣ “እትዬ፣ መጀመሪያ ለሙሽራ” አለችኝ። ሙሽራ ደግሞ ማን ናት ብዬ ስዞር የያዘችው ካርቶን ተንቀሳቀሰ። ጥንቸል! ነጭ፣ ዓይኗ ቀይ፣ ጆሮዋ ከራሷ የሚበልጥ። ወደ አገራቸው የተመለሱ የባቡር ፈረንጆች ናቸው አሉ የሰጧት።

ንጋትወርቅ የላከችው ደብዳቤ አጭር ነው። “አባቷ የሚሠራበት የጥጥ እርሻ ውስጥ ትምህርት ቤት ተከፍቷል ብሎ ስለለመነኝ ልኬያታለሁ። ጥቅምት ሲያልቅ ለእናቷ የሰባት ዓመት ተዝካር ልወስዳት እመጣለሁ። ተስማምቷት ካገኘኋት ትመለስላችኋለች። ካልሆነ እኔ ዘንድ ትቀራለች።” እሸቴ አንድ ጊዜ አንብቦ ትራሱ ሥር ከተተው። እኔ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ነሐሴ 19

ሰሌኑ። ሙሽራ ዳር ዳሩን ዙሪያውን ላጭታዋለች። በእኛ በክርስቲያኖቹ ዘንድ ጥንቸል አይበላም ተብሎ ተጽፎልናል። ጥንቸሏ እኛን እንዳትበላ ግን ለእሷ የጻፈላት የለም።

ነሐሴ 23

የእሸቴ የጫማ ማሰሪያ፣ የወንበሩ አንድ እግር፣ የስኳር ከረጢቱ ጫፍ። ይህን ሁሉ ችሎ ነበር። ዛሬ የሬዲዮኑን ሽቦ ቆረጠችው። እሸቴ ከመጋዘን ሥራው ሲመለስ ከሬዲዮኑ ሌላ ወዳጅ የለውም። ቁልፉን አዙሮ አዙሮ ዝም ሲልበት ጎንበስ አለና አየ። እኔ እንኳ ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር እንዲህ ሲጮኽ አልሰማሁም። “ይህች አውሬ ዛሬ ከቤቴ ትውጣ!”

አዲስአለም እየበላች ነበር። ጉርሻዋን ወደ ሳህኑ መለሰችና ሳህኑን እያየች፣ “እሷ ከወጣች እኔም እወጣለሁ” አለች። ቀስ ብላ ነው፤ ለማስፈራራት የምትናገር አትመስልም። ዝናብ ሊመጣ ነው እንደማለት ነው የተናገረችው።

በመጨረሻ እኔ ገባሁበት። እስከ መስቀል ስጠኝ አልኩት። እስከዚያ ማኘኳን ካላስቆምኳት ሎጊያ ላለው ባለሱቅ ለጀማሉዲን ይሰጣታል፤ እሱ ለአንዱ የአሰብ ሾፌር ይሸጣታል። እሸቴ እሺ አለ። ይህን ያደረግሁት ለልጅቷ ብዬ አይደለም። ቤት ውስጥ ጩኸት ስለማልወድ ነው።

ነሐሴ 26

በገመድ አሰርኳት። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባላል። ይህችኛዋ በራሷ አላሳጠረችም፤ ገመዱን በልታው የጠረጴዛውን ጨርቅ ቀጠለች።

ጳጉሜ 2

ጎረቤቴ ውባየሁ የአምስት ልጆች እናት ናት፤ መላ አታጣም። “ምን ያስጨንቅሻል? እኔ አምስቱንም ጡት ያስጣልኳቸው በእሬት ነው። አንድ ጊዜ ከቀመሱ አይደግሙም። ያንቺ... ” አለችና አቋረጠች። ያንቺም ሲደርስ ታውቂዋለሽ ልትል እንደነበር ገብቶኛል። ክፋት የለባትም።

ከሰፈሩ ጀርባ እሬት ሞልቷል። ቆርጬ አምጥቼ ፈሳሹን የወንበሮቹን እግር፣ የአልጋውን ጠርዝ፣ የበሩን መቃን ሁሉ ቀባሁት። ጡት ማስጣል ለእኔ እንዲህ ሆኖ መጣ።

ጳጉሜ 3

ሙሽራ እሬቱን ከነወንበሩ በላችው። እሸቴ ደግሞ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ፤ በዚያው እጁ ጎረሰ። ፊቱን ማየት ነበር! ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጠ፣ ቀኑን ሙሉ “ኤጭ” ሲል ዋለ። እራት ላይም ምላሱን እያወጣ ይጠርግ ነበር።

ሩፋኤል ነው ዛሬ። በእኛ አገር ሕፃናት ዝናቡ ሥር ወጥተው ይጠመቁ ነበር። እዚህ ምን ዝናብ አለ! አዲስአለምን ጓሮ አቁሜ ከባልዲ ላይ በጣሳ እየቀዳሁ ከራሷ አፈሰስኩባት። “ይህ የአዋሽ ወንዝ ነው፣ የሩፋኤል አይደለም” አለችኝ። “ሩፋኤል አዋሽንም ያውቀዋል” አልኳት። ሳቀች። ከመጣች የመጀመሪያዋ ነው። ተመስገን።

መስከረም 1 ቀን 1959 ዓ.ም.

አበባ የለም፤ አደይ እዚህ አይበቅልም። ልጅቷ በወረቀት ሣለችልን። ለእሸቴ አንድ፣ ለእኔ አንድ። የእኔን ሙሽራ ሳታየው ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ።

መስከረም 6

ቦኖው ጋ ተራ ስጠብቅ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች። “የእንጀራ እናት አይደለች? ስድስት ዓመት ባዶ ሆድ። ልጅቷ ናት ወይስ ጥንቸሏ የምታሳሳት?” ሌላዋ፣ “አክስትየዋ መጥታ ትወስዳታለች፤ እነዚህ ከንቱ ነው የሚደክሙት።” እንስራዬን ሞልቼ ተመለስኩ። ዘወር ብዬ እንኳ አላየኋቸውም። ስለማይመለከተኝ ነው።

መስቀል አሥራ አንድ ቀን ቀረው።

መስከረም 9

አገኘሁት! የምታኝከው እንጨት ከፈለገች የራሷን እንጨት እሰጣታለሁ። ስንት ጊዜ ስሮጥ ይህ ሳይታየኝ!

የሰፈራችን ሰው የሚያነደው የጥጥ እንጨት ነው፤ ግን ደረቅ ነው፣ አልነካችውም። ስለዚህ እርጥቡን ፍለጋ ማሳው ድረስ ሄድኩ። ከነቅጠሉ አንድ እቅፍ ሰበርኩ። አውሮፕላኑ መድኃኒት በረጨ ቁጥር ዘበኞቹ ማሳው ጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰቅላሉ፣ አፋሮቹ ከብታቸውን እንዳያስገቡ። ዛሬ ቀይ ጨርቅ የነበረ አልመሰለኝም። ቢኖርም ለከብት ነው።

ሙሽራ ስትበላ ማየት ደስ ይላል። ወንበሩን ዞር ብላም አላየችው። አዲስአለም እጆቿን አጨበጨበች፤ አባቷ ከደስታው ብዛት ከኪሱ ከረሜላ አወጣላት። እሷም ግማሹን ሰብራ ለሙሽራ ሰጠቻት። ሦስታችንም ወለሉ ላይ ተቀምጠን አንዲት ጥንቸል ስትበላ እናያለን። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሳይደግስ አይጣላም።

መስከረም 10

ታማለች። ትንቀጠቀጣለች። ለሃጯ ይዝረበረባል። ሙቀቱ ይሆናል።

መስከረም 10፣ ከሰዓት በኋላ

ካርቶኑን ታቅፌ ክሊኒክ ወሰድኳት። ድሬሰሩ ሀብተ ሥላሴ መጀመሪያ ሳቀብኝ። “ወይዘሮ የዓለምወርቅ፣ እኔ የወባ ሰው ነኝ፣ የጥንቸል ሐኪም ሆኜ አላውቅም።” ከዚያ አፏን ከፍቶ አየ፣ ዓይኗን በባትሪ አየ፤ ሳቁ ጠፋ። “ምን አበላችኋት?”

“ከጓሮ ሳር።”

“ከጓሮ ብቻ? ሰኞ የተረጨውን ጥጥ የቀመሰች ነው የምትመስለው።”

“ከጓሮ ብቻ” አልኩ።

አዲስአለም አጠገቤ ቆማ ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝ። ያን እቅፍ ጥጥ ከየት እንዳመጣሁት አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳት። የሚነደው የጥጥ እንጨት ሳይመስላት አይቀርም።

ከሰል ወቅጣችሁ በውኃ በጥብጣችሁ በጠብታ አጠጧት፣ ጠጉሯን እጠቡላት አለ። ከሰሉን እስኪልም ወቀጥኩት። እጄ ጠቁሯል፤ ደብተሩም ጠቆረ።

መስከረም 11

አለች። ዓይኗን ትከድናለች፣ ትከፍታለች። የቀረውን የጥጥ ቅጠል ጠራርጌ አወጣሁና አቃጠልኩት። ቤቱን ለማጽዳት ነው።

መስከረም 13

በላች! ሁለት ቅጠል ጎመን። አምላኬ ሆይ፣ ለጥንቸል ጎመን መብላት እንዲህ የማመሰግንህ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ግን ይኸው አመሰግንሃለሁ።

ጠዋት ወተት የምታመጣልን አፋሯ ሀምዳ ናት ያገዘችን። እንደ ወትሮው መፋቂያዋን በአፏ ይዛ ገባች። ሙሽራን አየቻት፤ ከዚያ የወንበሩን እግር አየች፤ መፋቂያውን ከአፏ አወጣችና ሳቀች።

“አንቺ ወንበር ትሰጫታለሽ?”

“እኔ አልሰጣትም፤ ራሷ ናት የምትወስደው።”

“ጥርስ ያድጋል። ቀን ቀን ያድጋል። ካልፋቀች አፏ ይዘጋል፣ ትሞታለች። ይህን ስጫት።” መፋቂያ ከምትቆርጥበት ዛፍ እርጥብ ቅርንጫፍ ነገ አመጣለሁ አለችኝ። ጥጥ አትስጪያት አላለችኝም፤ እኔም አላነሳሁትም።

እሁድ እሁድ እሸቴም እኔም መፋቂያ ይዘን ደጃፍ ላይ እንቀመጣለን። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንጨት ያኝካል። አንዳችንም የእሷም ጥርስ እንደኛው ነው ብለን አላሰብንም። እልኸኛ ናት፣ ባለጌ ናት፣ ፈረንጅ ናት ስንላት ከረምን።

መስከረም 17

መስቀል። ሀምዳ በየማለዳው ቅርንጫፍ ታመጣለች፤ ሙሽራ ቁጭ ብላ እንደ ሽማግሌ ትፍቃለች። አራት ቀን ሙሉ ምንም አልተበላም። እሸቴ ወንበሮቹን አንድ በአንድ አገላብጦ መረመረ፤ ምንም ሲያጣ ቅር ያለው መሰለኝ። ከዚያ ጀማሉዲን የመስቀል እንግዳችን ሆኖ መጣ። ደህና ጨዋታ ያውቃል። “ወላሂ፣ እኔ ደንበኛ አዘጋጅቼ ነበር!” ሲል እሸቴ፣ “ደንበኛህን በበግ አባብለው” አለው።

ለጀማሉዲን ሻይ ሳቀርብ ከጓዳ በር እሸቴ ቀስ ብሎ ሲነግረው ሰማሁ። “ልጅቷ ከመጣች ወዲህ ሥራ ስወጣ ቤቴን እናፍቃለሁ።” ይህን ለእኔ አልነገረኝም። እኔንም እንደዚያው እንደሚያደርገኝ አልነገርኩትም።

መስከረም 21

ቀይ ጨርቁ ነበረ። አይቼዋለሁ። አልፌው ነው የገባሁት፤ ነፋሱ ሲያወዛውዘው ልብሴን ነካኝ። ለከብት ነው አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ሊፈስብኝ የነበረው ግን እህል አይደለም፤ የልጅ ልብ ነው። ጻፍኩት። ለዚህ ደብተር ከዋሸሁ ለማን እውነት ልናገር ነው።

ጥቅምት 5

ትምህርት ተጀምሯል። አዲስአለም ፊደሉን ሁሉ ታውቃለች፤ ንጋትወርቅ ደህና አድርጋ አስተምራታለች። ግን አንድ ነገር እያየሁ ዝም ብያለሁ። ለሙሽራ ምግብ ስታቀርብ መሬት ላይ ታስቀምጥና እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ ትሸሻለች። ዱሮ ከእጇ ነበር የምታበላት።

ጥቅምት 9

ዛሬ ጠየቅኋት። ልብስ እያጣጠፍን ነበር።

“ሙሽራን ለምን ከእጅሽ አታበያትም?”

“ያኔ የታመመችው እኔ ከረሜላ ስለሰጠኋት ነው።”

“ማን አለሽ?”

“ማንም። እኔ ነኝ ያልኩት።” ቀሚሷን አጣጠፈችው፤ ፈታችው፤ እንደገና አጣጠፈችው። “እማዬም እኔን እያጠባች ነው የታመመችው አሉ። አክስቴ ዘንድ የሚበሉት ሰዎች ሲያወሩ ሰምቻለሁ።”

አክስቷ የምትመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አሁን እውነቱን ብነግራት ልጅቷ ለንጋትወርቅ ትነግራለች። ንጋትወርቅም መርዝ የምታበላ የእንጀራ እናት ዘንድ የእህቷን ልጅ አትተውም፤ እኔም ብሆን አልተውም። ዝም ብል ደግሞ ይህች ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ ትኖራለች።

“አዲስአለም፣ ስሚኝ። ከረሜላው አይደለም። እኔ ነኝ። ከተረጨው ማሳ ጥጥ ሰብሬ አበላኋት። ቀዩን ጨርቅ አይቼ ነው የገባሁት። ለሐኪሙም የዋሸሁት እኔ ነኝ። ያንቺ እጅ ምንም አላደረገም። ስለ እናትሽም ያወሩት ሰዎች አያውቁም፤ እናትሽን የገደላት ወባ ነው፤ አባትሽን ጠይቂው።”

አላለቀሰችም። ልብሱን ትታ ተነሣች፣ ሙሽራን አቀፈቻትና ወደ ጓሮ ወጣች። በመስኮት አየኋት። ጎመን ቀንጥሳ ከእጇ እያበላቻት ነበር።

ይህን ስላሳየኸኝ ተመስገን። የቀረውን አንተ ታውቃለህ።

ጥቅምት 11

“እሺ” እና “አይ”። ከአዲስአለም ሌላ ቃል የለም።

ጥቅምት 17

ሙሽራን ላነሳት ጎንበስ ስል ቀድማኝ አነሳቻት። መብቷ ነው። ለእሸቴም ነገርኩት፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ውባየሁም ሳትሰማ አልቀረችም። እሸቴ፣ “ቀድመሽ ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበር?” አለኝ። ምንም ቢሆን አልጮኸም። ደግ ሰው ነው፤ ይህንንም እዚህ መጻፍ አለብኝ፣ ሬዲዮኑን ብቻ እየጻፍኩ አስቀይሜዋለሁ።

ጥቅምት 28

ንጋትወርቅ ገባች። ወፍራም፣ ድምፀ ከባድ፣ ዓይኗ የማይሸወድ። የወንበሮቹን እግር አየች፤ የልጅቷን ጠጉር፣ ጥፍር፣ ደብተር ሁሉ አገላበጠች። ውኃ ቀድቼ ልምጣ ብዬ ብመለስ ውባየሁ ቀድማኝ ሰላም ልትላት ገብታ ወጥታለች። ንጋትወርቅ ሽንኩርት እየላጠች ጠበቀችኝ።

“ጥንቸሏን መርዝ አበላሻት አሉ?”

“አዎ እትዬ፣ እኔ ነኝ።”

“ሆን ብለሽ?”

“በችኮላ። ግን ምልክቱን አይቻለሁ። አላየሁም አልልዎትም።”

“ልጅቷ አውቃለች?”

“አውቃለች። ጥፋቱን በራሷ አድርጋ ይዛው ነበር፤ ስለዚህ ነገርኳት።”

ሽንኩርቱን ላጠች። ሌላ ወሰደች። “መመለስ ትፈልግ እንደሆነ ልጅቷን አልጠይቃትም” አለች በመጨረሻ፤ “ልጅ ሲጠይቁት የጠያቂውን ፊት አይቶ ነው የሚመልሰው። ጨው አቀብይኝ እስቲ።”

ጥቅምት 29

ልብሷን አጠብኩ። ሁሉንም። እንድትመለስ ይሁን እዚያው እንድትቀር አላውቅም፤ ንጹሕ ይሁን።

ጥቅምት 30

ካምዮኑ ከምሳ በፊት መጣ። የጥጥ ከረጢት ጭኗል፤ ለሁለት ሰው ከሾፌሩ አጠገብ ቦታ አለ። የአዲስአለምን ልብስ በሁለት ጥቅል አሰርኩ፤ ደብተሮቿን በአንዱ፣ የሙሽራን ካርቶን ደግሞ በራሴ እጅ ተሸክሜ ወጣሁ። ካርቶኑ ውስጥ ለመንገድ የሚሆን ጎመንና ቅርንጫፍ አድርጌያለሁ። እሸቴ ሳማት፤ ከዚያ የካምዮኑን ጎማ መመርመር ጀመረ። ጎማ ምን ያውቃል እሱ!

ልጅቷ ወጥታ ተቀመጠች። ካርቶኑን አቀበልኳት። ጭኗ ላይ አድርጋ ከፈተችው፣ እጇን አስገብታ ዳበሰቻት፣ ዘጋችው። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ያኔ ካርቶኑን በመስኮት መልሳ ዘረጋችልኝ። ከብዷት ስለነበር ተቀበልኳት።

“ምነው? ረሳሽ እንዴ?”

“እትዬ፣ ተዝካሩ አልቆ እስክመለስ አንቺ ያዣት” አለችኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከእሺና ከአይ ሌላ የነገረችኝ ይህ ነው። ከዚያ አንገቷን አስግጋ ጨመረችበት፤ “ከሌላ ሰው እጅ እንዳትበላ።”

ራሴን ነቀነቅሁ። ንጋትወርቅ ከልጅቷ ጎን ሆና ሁሉንም ሰማች። ጎንበስ ብላ ደብተሮቹ ያሉበትን ጥቅል አነሳችና በመስኮት ለእሸቴ ሰጠችው። “ይህንንም አስገቡት። ለሁለት ሳምንት አንድ ጥቅል ይበቃታል።”

ካምዮኑ ሄደ። አቧራው እስኪጠፋ ቆምን። እሸቴ ጥቅሉን፣ እኔ ካርቶኑን ይዘን ገባን። ሙሽራን አውጥቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና አንድ ቅጠል ጎመን ዘረጋሁላት። ትንሽ አሸተተችኝ።

ከእጄ በላች።